የአሮጊቷ ግራ ጎማ

ከመኪናዋ ሥር የሚታዩት ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ።

ጫማዎቹ በወፍራም ክር ተሰፍተዋል። የአንደኛው ማሰሪያ ተፈቷል። ኢንስፔክተሯ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ በባትሪ ወደ ውስጥ አበራች። የፊተኛው አክስል የሰውየው ደረት ላይ አርፏል። ፊቱ ግን ምንም አልሆነም። የተኛ ይመስላል።

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አባ ግራሶ» እያለ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። አርባውን ዓመት የፈጀው ጭቃና ገደል የማይበግራቸውን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዱ አሮጌ መኪናዎች ሲጠግን ነው። ዕቃቸው ከገበያ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። እሱ ግን የጠፋውን ራሱ ይቀርጻል፣ የተሰበረውን ይተካል፣ የአንዱን መኪና አካል ለሌላው ያጋባል። ደረቱ ላይ ያረፈችው ግራጫ መኪና «አሮጊቷ» ትባላለች። እሱና የድሮ ሸሪኩ ከቁርጥራጭ ተነስተው የሠሯት ናት።

«ክሪኩ ተንሸራቶበት ነው እመቤቴ» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «አደጋ ነው። ጎማ ሲያወጣ።»

ያለውን ሁሉ የሚደግፍ ነገር አለ። ክሪኩ በጎኑ ወድቋል። የፊተኛው ግራ ጎማ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። በቀኝ በኩል መኪናዋ ግድግዳ ስለታከከች ሥራው በግራ መሆኑም ተገቢ ነው።

ኢንስፔክተሯ ግን ልቧ አልቀበል አላት። ተነሥታ ጋራዡን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኗ ለካችው። ሁሉም ነገር በዘይትና በአቧራ ተለውሷል። ጠረጴዛው ጥቁር ነው። መዶሻዎቹ ጥቁር ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የታሰረችው ብረት መያዣ ሞርሳ ግን አንዱ ጠርዟ ብቻ ታብሳ ታበራለች። ጠጋ ብላ አሸተተች። ናፍጣ ነው።

«ሬሳው ሲወጣ የራስ ቅሉን ከኋላ እዩልኝ» አለች።

አዩላት። ከኋላ ተፈንክቷል። የሕክምና መርማሪው ከሰዓት በኋላ የነገራት አጭር ነበር፤ ሰውየው የሞተው በጭንቅላቱ ቁስል ነው፣ ደረቱ የተጨፈለቀው ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ ሰው ገድሎታል። ከዚያ መኪናዋን ምስክር አድርጎ አቁሟታል።

ኢንስፔክተሯ ያን ጠዋት ከጋራዡ ከመውጣቷ በፊት ወደ ኋላ ክፍል ገባች። አባ ግራሶ የሚኖርባት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ኩባያ። መስኮቱ ላይ ትንሽ ሬዲዮ ክፍት ሆና ለማንም ታወራለች። ኢንስፔክተሯ አጠፋቻት። ጸጥታው የባሰ ሆነባትና መልሳ ከፈተቻት።

የጋራዡ ግድግዳ ላይ መሣሪያዎች ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቅርጹ በነጭ ቀለም ተስሏል፣ ቦታውን እንዳይስት። የግድግዳው ግማሽ ግን ባዶ ቅርጽ ብቻ ነው። የሌሉ መዶሻዎች፣ የሌሉ ቁልፎች፣ የሌለ የብየዳ መነጽር። ማንም ቀለም አልቀባባቸውም፣ ሌላ ነገርም አልሰቀለባቸውም።

ወለሉ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ላይ ጎማ የሚያስሩ ሦስት ዳዶዎች ተደርድረዋል። የሚያብረቀርቁ፣ ጫፋቸው የተደፈነ፣ አዳዲስ ናቸው። ጎማው ግን በአምስት ዳዶ ነበር የሚታሰረው። የቀሩትን ሁለቱን ከጠረጴዛው ሥር አገኘቻቸው። በሁለቱም ውስጥ የተቀነጠሰ ብሎን ቀርቷል። የዝገት ምልክት የለም። እንዲያውም በግራሶ ለስልሰዋል።

በማስረጃ ላስቲክ አድርጋ ኪሷ ከተተቻቸው።

*

ሬሳውን ያገኘው የእህቱ ልጅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ሲሆን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራ ሲሄድ አጎቱን ሊያይ ጎራ አለና ጮኸ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ታሰረ።

ያሳሰረው የገዛ አፉ ነው። እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤቱ ጎሚስታ ሰምቷል።

«ምን አለ?» ብላ ጠይቃው ነበር ጎሚስታውን።

«አንድ ቀን አንዷ ትጨፈልቅሃለች አለው። በጆሮዬ። ይኸው ጨፈለቀችው።»

«ከዚያ በኋላ ማን መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ! እሁድ እኮ ነው፣ ዘግቼ ሄድኩ።»

አዛዡ ጉዳዩ እንዳለቀ ቆጥሮታል። «ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን» አለ። «እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ክሱ በግድያ ነው።»

ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ያለችው አግዳሚ ላይ የሟቹ እህት ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። አጭር ሴት ስለሆነች እግሮቿ ወለሉን የሚነኩት በጭንቅ ነው። ኢንስፔክተሯ ስታልፍ ቀሚሷን ይዛ አስቆመቻት።

«ልጄ፣ ወንድሜ አስከሬን ክፍል ነው፣ ልጄ እስር ቤት ነው። እኔ የትኛው በር ላይ ልቀመጥ?»

«እትዬ፣ ቤትዎ ይሂዱ። እኔ እነግርዎታለሁ።»

«ቤት ማን አለና?» አለች። «የቀብሩን ነገር ሲጠይቁኝ፣ ልጁ ሳይፈታ አልቀብረውም አልኳቸው። ማን ሊሸከመው? የሌላ ሰው እጅ ነው የሚሸከመው?»

ኢንስፔክተሯ ቀሚሷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ልጇ ከብረቱ በስተጀርባ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል።

«አዎ ብያለሁ» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ስለምወደው ነው ያልኩት። ብቻህን መኪና ሥር አትግባ፣ ና ከእናቴ ጋር ኑር አልኩት። እምቢ አለኝ። አሮጊቷን ጥዬ የትም አልሄድም አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እቤት ገብቼ ተኛሁ። ማን አየህ ቢሉኝ ማንም።»

«ጠላት ነበረው?»

«ጠላት እንዲኖርህ እኮ መጀመሪያ ሰው ሊኖርህ ይገባል።»

*

የአሮጊቷ አዲስ ባለቤት ጠበቃ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከአባ ግራሶ ገዝቷት፣ ለጫካ ጉዞ እንድትመቸው ከፍ አድርግልኝ፣ አሳምርልኝ ብሎ እዚያው ትቷታል። እሁድ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ እንደነበረ አልካደም።

«ተጣልታችኋል?»

«ተጨቃጭቀናል። በየሳምንቱ ነገ ይለኛል። ሰውየው ሊያስረክባት አልፈለገም መሰለኝ። እየገነባት፣ እያፈረሰ፣ እየገነባት። ከሷ መለየት አልቻለም።»

«የመኪና ሥራ ይችላሉ?»

ጠበቃው ሳቀ። «እመቤቴ፣ እኔ መኪና ውስጥ የማውቀው መሪውን ነው። ጎማ ቀይሬ አላውቅም። እነዚያን የሚያብረቀርቁ ዳዶዎችም የመረጥኳቸው ስላማሩኝ ነው።»

ከእሁድ እኩለ ቀን በኋላ የት ነበሩ ስትለው ፊቱ ተቀየረ። ቤት ነበርኩ አለ። ብቻዬን። ሚስቱ ከሄደች ስድስት ወር ሆኗታል። ኢንስፔክተሯ ጻፈች። በዚህ ጉዳይ ሁሉም ሰው ብቻውን ነበር።

የቀረው የድሮ ሸሪኩ ነው። በያጅ ነው። ሁለት መንገድ ተሻግሮ በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ መሥሪያ ቤት አለችው። የመስኮት ብረት ይበይዳል፣ የበር ማጠፊያ ያበጃል። እድሜው ከሟቹ ጋር እኩያ ነው። ስትገባ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የብየዳ ይሁን የለቅሶ መለየት አይቻልም።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ።»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«ስድስት ዓመቴ ነው። ያን በር አልፌ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ።»

«ያን ያህል ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

«ሬዲዮ።»

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አነሣች።

«አዎ፣ ሬዲዮ» አለ ሰውየው። «እሱ ቀኑን ሙሉ ያስጮሃታል። እኔ በጩኸት መበየድ አልችልም። አንድ ቀን አጥፋ አልኩት፣ አላጠፋም አለ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ነገ ይጠራኛል ብዬ ነበር። እሱም ነገ ይመጣል ብሎ መሰለኝ።»

ሁለቱን የተቀነጠሱ ብሎኖች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሰውየው አልነካቸውም። ጎንበስ ብሎ አያቸው፣ ቀና አለ።

«ይህን የሰበረ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የማያውቅ ሰው ነው» አለ ሳያቅማማ። «አሮጊቷን የማያውቅ። ዳዶ በዓለም ላይ ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል አይደል? የዚያች ዓይነት መኪና ግን በግራ ጎማዋ በኩል ጥርሱ ግልባጭ ነው። ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። የማያውቅ ሰው ልፈታ ብሎ ወደ ግራ ይታገላል፤ ያጠብቃል፣ ያጠብቃል፣ ቀጭ! ይበጠሳል።»

«አባ ግራሶ እንዲህ አይሳሳትም?»

«እሱ? እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ አይሳሳትም። እኔም አልሳሳትም። የብሎኑ ጫፍ ላይ ምልክት አለው፤ እኛ ግን ምልክት አይተን አናውቅም። እጃችን ያውቃል።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች። ጎማ ቀይሬ አላውቅም ያለው ጠበቃው ነው። በልቧ እጁ ላይ ካቴና አጠለቀች።

ቤቷ ገብታ ቆማ በላች። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። በዚያ ቀን ያነጋገረችው ሰው ብዙ ነው፤ ያናገራት ግን እንደሌለ ድንገት ታወቃት። ሳህኑን አጠበች። ከዚያ የማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ በያጁ ያለውን እንደገና አነበበች። ያየችውን እንጂ የተነገራትን አምና ወደ አዛዡ ገብታ አታውቅም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ብቻዋን ጋራዡ ገባች።

ከሦስቱ ዳዶዎች አንዱን አንሥታ ከአሮጊቷ አክስል ላይ ከቀሩት ደህና ብሎኖች በአንዱ ላይ ገጠመችው። ወደ ቀኝ አዞረችው። ያዘ። አጠበቀ። ወደ ግራ አዞረችው። ተፈታ።

እንደገና ሞከረች። ሌላውን ብሎን ሞከረች። ሁሉም እንደማንኛውም መኪና ነው። ግልባጭ የሚባል ነገር የለም።

የተቀነጠሱትን ብሎኖች ሥር በማጉያ መነጽር አየች። የብረቱ ጥርስ ተጠምዝዟል። የተጠመዘዘው ወደ ቀኝ ነው።

በሩጫ ማለት ይቻላል ወደ ጣቢያው ተመለሰች።

«የአሮጊቷ የግራ ዳዶ ወደየት ነው የሚፈታው?» አለችው እስረኛውን።

«ድሮ ወደ ቀኝ ነበር። አሁን ግን እንደሁሉም ነው።»

«አሁን ማለት?»

«አክስሎቿን ቀየርናቸው እኮ። የፊቱንም የኋላውንም። ጠበቃው ጠንካራ ይግባላት ስላለ። ሁለት ሳምንት አይሆነውም፣ እኔና አጎቴ ሁለት እሁድ ፈጀብን።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ጠበቃው። ብረቱን ሲያወርዱ ቆሞ ነበር። ሌላ ማን መጥቶ ያያል? አጎቴ ጋ የሚመጣ ሰው እኮ የለም።»

ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ነገሩን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ጎማ ቀይሮ የማያውቅ ሰው ዳዶውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። እና ይፈታለታል። ምንም አይሰበርበትም። የእህቱ ልጅ አዲሱን አክስል በገዛ እጁ ገጥሟል፤ እሱም ወደ ግራ ያዞራል። ብሎኑን እስኪበጠስ ወደ ቀኝ የሚታገል ሰው ዓይነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አሮጊቷን እንደ መዳፉ የሚያውቃት፣ እጁ ግን የተደረገላትን ለውጥ ያልለመደ። የብሎኑን ጫፍ እንዳያይ ደግሞ ዳዶዎቹ ድፍን ናቸው። ነገሩ የገባው ሁለት ከሰበረ በኋላ ነው። የቀሩትን ሦስቱን በትክክል ፈታ።

የሰበራቸው አለማወቅ አይደለም። ማወቅ ነው።

ግን ይህን ይዛ አዛዡ ፊት ብትቀርብ ይስቅባታል። ጋራዡ ተመልሳ የኋላውን ግራ ጎማ አስተነፈሰችና ወደ በያጁ ሰው ላከች።

*

ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እግሩን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎ» አለች። «መኪናዋ ወደ ፖሊስ ግቢ ልትጎተት ነው። የኋላው ጎማ ተንፍሷል። ከእርስዎ ሌላ የሚያውቃት ሰው አላገኘሁም።»

«ፖሊሶቹ ልጆች ራሳቸው አይፈቱትም?»

«ይሰብሯታል ብዬ ፈራሁ።»

ያ ቃል ሥራውን ሠራ። ሰውየው እጅጌውን ሰበሰበ። አሮጊቷን ዞራት። መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆመ፣ የሰው ትከሻ እንደሚነካ። ከዚያ የጎማ ቁልፉን አነሣና የኋለኛው ግራ ጎማ ፊት ቁጢጥ አለ። ዳዶዎቹ እዚያም የሚያብረቀርቁ፣ ድፍን ናቸው።

ቁልፉን ሰካ። ትንፋሹን ያዘ። በሙሉ ጉልበቱ ገፋ።

ወደ ግራ።

ዳዶው ሲጥ ብሎ ተፈታ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሥራ የለመደ እጅ ነው፤ ያምራል። ኢንስፔክተሯ አምስተኛውን እስኪፈታ አላቋረጠችውም።

«ጋሼ፣ ወደየት ነው ያዞሩት?»

«እንዴት ወደየት? ወደ…»

ቆመ።

«ትናንት ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው ብለውኝ ነበር። እጃችን ያውቃል ብለውኝ ነበር።»

ሰውየው እጁን ተመለከተ። የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«የብሎኑን ጫፍ… ምልክቱን አይቼ…»

«ዳዶው ድፍን ነው። ምንም አይታይም።»

«አክስሉ የተለየ መስሎኝ ነው።»

«ሥር አላዩም። ጎንበስ እንኳ አላሉም። ስድስት ዓመት ያልገቡበት ጋራዥ ውስጥ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀየረ አክስል፣ ዳዶው ወደየት እንደሚፈታ ማን ነገረዎ?»

ከኋላው ክፍል ሬዲዮዋ ስለ አየር ንብረት ታወራለች።

«ሁለቱ ብሎኖች ናቸው የነገሩዎት» አለች። «እሁድ።»

በያጁ ቁልፉን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከጎማው ጎን ተቀመጠ። የሚነሣም አይመስልም ነበር።

«እሁድ ይረዝማል» አለ። «ብቻህን ስትሆን እሁድ የሚባል ቀን አያልቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ እስከ መታጠፊያው እመጣና እመለሳለሁ። ሬዲዮዋ ትሰማኛለች። በዚያን ቀን አልተመለስኩም። ገባሁ።»

«ተቆጣ?»

«ምን ይቆጣል! ደስ አለው እንጂ። ምነው ቆየህ አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። ና፣ ምን እንዳደረግኳት ላሳይህ ብሎ እጄን ይዞ ወሰደኝ። አየኋት። ተነቅላ፣ ተቀያይራ። የድሮው አክስል የት አለ አልኩት። ለቁርጥራጭ ብረት ሰጠሁት አለኝ።»

«ለአንድ አክስል?»

«ያን አክስል ከገደል ሥር ሦስት ቀን ጎትተን ያወጣነው እኔና እሱ ነን። የሰነጠቀውን እኔ ነኝ የበየድኩት። በዚያች መኪና ውስጥ የኔ የነበረው ያ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሱ ነበር። ብረት እኮ ነው፣ ምን ያላቅስሃል ብሎ ሳቀ። ገፋሁት።» ወደ ሞርሳዋ አመለከተ። «አንድ ጊዜ። መምታት አልነበረም። ገፋሁት።»

«ሰው ለምን አልጠሩም?»

በያጁ ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው አልገባውም።

«ማንን?» አለ።

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን ያዘች፣ አልጻፈችም።

«የእህቱ ልጅ በዚህ ጉዳይ እንደታሰረ ያውቁ ነበር?»

«ሰማሁ።»

«እና?»

«ሕፃን ሳለ እዚህ ኮፈን ላይ እያስቀመጥኩት ምሳውን አበላው ነበር» አለ። «ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ነገ ስል ረቡዕ ደረሰ።»

*

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ የእስር ክፍሉ በር ተከፈተ። ወጣቱ ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ተረክቦ ወጣ። እናቱ ከአግዳሚው ላይ ተነሣች። አልጮኸችም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀኙንም ግራውንም መረመረችው፣ የጎደለ ነገር እንዳለ ሁሉ።

ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«ማነው?»

ኢንስፔክተሯ ነገረቻት። ስሙን አልጠራችም፤ በያጁ አለች፣ ሸሪኩ።

የሴትዮዋን ክንድ ልጇ ያዘ።

«ሠላሳ ዓመት በቤቴ በልቷል» አለች። «እናቴ ስትሞት ሬሳዋን የተሸከሙት እሱና ወንድሜ ናቸው። ከፊትና ከኋላ። ነገ ለወንድሜ ከልጄ ጋር የሚሸከም አንድ ሰው ስፈልግ፣ እሱን ላስጠራ ነበር። ሁሉም ነገር ይቀርና ይመጣል ብዬ።»

«አዝናለሁ፣ እትዬ።»

«ከሱ ቤት ማንም የለም እኮ፤ ልብስ ማን ያመጣለታል? ብርድ ልብስ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አላመጣም።»

«ማንም አይጠይቅዎትም።»

ራሷን ነቀነቀች። ልጇን ተደግፋ ወደ ውጭ ወጣች። ደረጃውን ወረዱ። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆም አለች፤ ዞራም የሕንጻውን መስኮቶች አንድ በአንድ አየች፣ እሱ ያለበት የትኛው ይሆን እንደምትል።

«አላመጣም» አለች እንደገና። ልጇም አልመለሰላትም፤ ለሱ አልነበረም የተናገረችው።